ሞተሩ ጸጥ ያለበት ቁልቁለት

በዚያ ቀን መኪናዋ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መሪውን የያዝኩት እኔ አበጀ ነበርኩ። ከጎኔ፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ጋሽ ይመር ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ በእኔ በኩል፣ ልጃቸውና የመኪናዋ ባለቤት ዘሃራ ነበረች። መሃል ላይ ማር የሚነግዱት እትዬ ጥሩነሽ አፉ በጨርቅ የታሰረ የማር ባልዲ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። ጥጉን የያዙት ከማሻ ተዛውረው የመጡት መምህር አስፋው ናቸው፤ የፈተና ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ አቅፈው ነበር። ከእነዚህ ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን የማስቀድመው ወሬው ሲዞር ሰው እየበዛበት መምጣቱን ስለሰማሁ ነው። ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ሰዎች ተሳፍረው ነበር የሚሉ አሉ። አልነበሩም። እዚያ የነበረው ሁለት ጆንያ ጤፍና አንድ ትርፍ ጎማ ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ደሴ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ሻይ ስጠጣ፣ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን ወርዶ አጠገቤ ቆመ። የፍሬን ሸራው ተቃጥሏል። የተቃጠለ ፀጉርና የጋለ ብረት አንድ ላይ የተቀላቀለበት ሽታ ነው፤ አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ብርጭቆዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ትልቁ ልጄ የራሱን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፣ የዚያ መንገድም ብዙው ቦታ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። እጄ ግን አሁንም ያንን መሪ የያዘ መስሎት ነበር።

ያኔ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፤ የናፍጣው ሊትር አምስት ብር አልሞላም። ዓመቱን በትክክል አልናገርም፤ ከተማው ውስጥ የሞባይል ስልክ የያዘ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጣበት፣ ቀበሌው ደግሞ ስብሰባ በጥሩምባ የሚጠራበት ጊዜ ነበር። ወጣቱ ከሳልባጅ ተራ የተገዛ፣ እጅጌው የረዘመ ጃኬት ይለብሳል። የእኔ አረንጓዴ ነበር፤ ደረቱ ላይ የማላውቀው አገር የእግር ኳስ ቡድን ምልክት አለው። ከገበያው ጥግ ካሴት የሚያባዛ ልጅ ሱቅ ነበረው፤ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት ትዝታ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከጅዳ የመጡ ሴቶች ያመጡትን የዓረብኛ ዘፈን ይከፍታል። በአንድ ሰፈር አዲስ ቆርቆሮ ያበራ ቤት ካየህ፣ ከዚያ ቤት ቢያንስ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ናት ማለት ነው። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሰው ከደጁ ወጥቶ የማን እንደሆነች ይለያል። ሁላችንም በድምፅ እናውቃቸው ነበር።

እኔ የምነዳት መኪና የአንድ እህል ነጋዴ ትንሽ ፒካፕ ነበረች፤ አሮጊቷ ነበር የምንላት። መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም። ሁለት ዓመት በረዳትነት ተቀምጬ የቀድሞ ሹፌሯን እግር ብቻ አየሁ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ከአንድ ወታደር ገዝቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ ከዚያ ደሴ ሄጄ ተፈተንኩና አለፍኩ። ብዙ አልናገርም፤ በምናገርበት ፈንታ እጽፋለሁ። ባለ ሰማያዊ ልባስ ደብተር ነበረኝ። እዚያ ላይ የመንገዱን ኩርባ በተራ ቁጥር፣ የቱ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ጋ ጎርፍ እንደቆረጠው ጽፌአለሁ። አሮጊቷ አቅም የላትም። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠህ ጸሎት ታደርጋለህ። መሪዋ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፣ ፍሬኗን ለመያዝ ከወንበር መነሳት ያስፈልጋል። ነዳጅ ደግሞ ከሩቅ በበርሜል ስለሚመጣ፣ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ ማርሹን አውጥተን ሞተሩን እናጠፋና በባዶ እንለቃታለን። የዚያ አገር ሹፌር ሁሉ ያደርገው ነበር። ስንት ቁልቁለት ሳያስነሳ እንደወረደ የማያወራ ሹፌር አልነበረም። ሞተሩ ጠፋ አልጠፋ ለአሮጊቷ መሪና ፍሬን ለውጥ የለውም፤ ሁልጊዜም ከባድ ናቸው።

ዘሃራ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሠርታ ተመለሰች። ስትሄድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ የብር ጥርስ አድርጋ፣ ከወገቧ ትንሽ ጎበጥ ብላ ነበር። የሰው ምንጣፍ ስታጥብ የጎበጠ ወገብ ነው። ሌሎቹ ቤት ሠሩ፤ እሷ አዲስ አበባ ወርዳ ባለ ሁለት ጋቢና መኪና ገዛች። ነጭ ናት፣ ቱርቦ አላት፣ ሞተሯ ከአሮጊቷ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሕዝብ ማመላለሻ አደርጋታለሁ አለች፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አባቷ ነበሩ። ጋሽ ይመር ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ብርሃንና ጥላ ከመለየት ሌላ አያዩም። ደሴ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ለጥቂት ቀናት በነጻ እንደሚያክሙ ተሰምቷል። ያ ቀን ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ይመር ግን መኪና አይወጡም። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። ሥራቸው በቅሎ መግራት ነበር። ከከላላ፣ ከማሻ፣ ከመቅደላ ሥር ሳይቀር ሰው በቅሎውን እየጎተተ ያመጣላቸዋል፤ የአንድ ወገን እግሮቿን በለስላሳ ጠፍር አያይዘው ያሠለጥኗትና ሰጋር አድርገው ይመልሷታል። ሰጋር በቅሎ ሰውን ሳትነቀንቅ እንደ ውሃ የምትሄደው ናት። ይህን ሥራ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም አልተዉትም፤ በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው አካሄዷን በጀርባቸው ነበር የሚያዩት።

መኪናዋን ከአዲስ አበባ ያመጣት ሹፌር በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። ዘሃራ እኔ ዘንድ መጣችና፣

«አበጀ፣ ትልቅ መኪና ትችላለህ?» አለችኝ።

«እችላለሁ፣ እታለም» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሞተር ነድቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። የገበያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ያያል። አስነሳኋት። ድምፅዋ ዝቅተኛ ስለሆነ የተነሳች አልመሰለኝም። እንደ አሮጊቷ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። አንድ አፍታ ምንም የለም። የቱርቦ ነገር እንዲህ ነው፤ ጉልበቱ ካዘዝከው በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ መኪናዋ ከመሬት የተነሳች ያህል ተስፈነጠረች። አንገቴ ወደ ኋላ ተመታ። ፊት ለፊቴ የጋሽ ይመር አጥርና አጥሩ ላይ የታሰረች ግራጫ በቅሎ ነበሩ። ፍሬኑን እንደለመድኩት በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት፤ መኪናዋ በአፍንጫዋ ተደፍታ ከአጥሩ አንድ ክንድ ቀርቷት ቆመች። በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ በሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሃል ወደ ላይኛው ሰፈር ነጎደች።

ሰው ሳቀ። አንዱ፣ «ኧረ ጅዳ ልትመለስ ነው» አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም ጅዳ ሆኖ ቀረ። ዘሃራ አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ መኪናዋን ሳይሆን አባቷን ታያለች። ጋሽ ይመር አጥራቸው ውስጥ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ማናት በቅሎዬን ያስበረገገችው?» አሉ።

«መኪናዋ ናት፣ አባባ።»

«መኪናዋማ ምን አጠፋች። ላይዋ ላይ ያለው ማነው?»

«አበጀ ነው። የዓለሙ ልጅ።»

«ና እስቲ፣ የዓለሙ ልጅ» አሉ። ቀረብኩ። እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፈርተሃል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «መኪናዋም ፈርታለች። ሁለት ፈሪ አንድ ላይ መንገድ አይሄድም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እንደ ሰጋር የሄደች ቀን እወጣባታለሁ። እስከዚያ የለሁበትም» አሉ።

ሐኪሞቹ መጥተው እስኪሄዱ ሦስት ሳምንት ነበረን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ሳወራ አያምኑኝም። መኪና የሚባል ነገር ነድተው የማያውቁ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መንዳት አስተማሩኝ። በየጠዋቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ እንሄዳለን። ፈቃዳቸው ለሜዳው ብቻ ነበር፤ ገደል ያለበት መንገድ አይሞክሩም። ከጎኔ ይቀመጡና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አቁመው በሁለት ጣት ይይዙታል። መኪናዋ ከነቀነቀቻቸው ወለሉን ጠቅ ያደርጋሉ። አንድ ጥፋት፣ አንድ ጠቅታ። የመጀመሪያው ቀን ከሜዳው ወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያኛው አርባ አንድ ጊዜ ጠቅ አሉ። ደብተሬ ላይ አለ። በማግስቱ ሠላሳ ስምንት። ሦስተኛው ቀን አርባ አራት።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው ያን ቀን።

«ትጮህባታለህ።»

«አልተናገርኩም እኮ፣ ጋሽ ይመር።»

«በእግርህ ነው የምትጮኸው። ያቺኛዋ የነጋዴው መኪና ደንቆሮ ነበረች፤ ካልጮህክ አትሰማም። ይቺ ጆሮዋ ንቁ ነው። ሹክ በላት። ሹክ ብለህም ጠብቃት፤ ትመጣለች።»

ነዳጅ መስጫውን በጫማዬ ሳይሆን በአውራ ጣቴ እንድነካው የኮንጎ ጫማዬን አስወለቁኝ። ለረጅም ጊዜ በካልሲ ነዳሁ። እግሬን ስሰጣት ትንሽ ቆይታ እንደምትመጣ ለመድኩ፤ ስለዚህ ቀድሜ እሰጣለሁ፣ ቀድሜም እወስዳለሁ። ሞተሯ በዝቅተኛ ዙር ጭምር ጉልበት እንዳላት፣ ማርሹን እስክትጮህ ሳልጠብቅ ቶሎ ከፍ ባደርገው እንደማትንቀጠቀጥ፣ ፍሬን ከመርገጥ በፊት ነዳጁን ብቻ ብለቅላት ራሷ እንደምትቀንስ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ጋሽ ይመር የማርሽ ስም አያውቁም፤ «እርምጃ ቀይርላት» ነው የሚሉት። እኔ ከማስበው በፊት ያዝዙኛል፤ ድምፅዋን ይሰማሉ። የከተማው ሰው ስንመለስ ይጠብቀናል።

«አበጀ፣ ዛሬስ ስንት ገረፉህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ደህና ነህ። ገና ኮርቻ አልጫኑብህም?»

ጋሽ ይመር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተን ከመግራት ይሻላል» ይሉታል ተናጋሪውን። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ጠቅታው ሦስት ደረሰ። አንድ ጠዋት ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደን ከዘራው አልተንቀሳቀሰም። ተኝተው እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ፈገግ ብለዋል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ነገ ደሴ እንሂድ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት እችላለሁ። ሜዳ ሌላ ነው፣ ገደል ሌላ ነው። ሌላም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። የነጋዴው በርሜል ወደ ማለቁ ስለነበር ያሰብኩትን ያህል ናፍጣ አላገኘሁም። ይህን ለዘሃራ ብነግራት ቀኑን ታራዝማለች፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀራቸው። ይህች ሞተረ ትልቅ ስንት እንደምትጠጣ በረጅም መንገድ ሞክሬአት አላውቅም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ጠባዬ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል፣ ያን ጊዜ ግን አይደለም።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ጋሽ ይመር አዲስ የታጠበ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። እትዬ ጥሩነሽ በበኩላቸው አማተቡ። መምህር አስፋው፣ «እንግዲህ በሁለቱም በኩል ተሟልቷል» አሉና ሁሉም ሳቀ። ስለ ካሴቱ ክርክር ተነሳ። ጋሽ ይመር መንዙማ፣ መምህር ትዝታ፣ ዘሃራ ከጅዳ ያመጣችውን ፈለጉ፤ እትዬ ጥሩነሽ ለማንም ሳያዳሉ፣ «የሚያስተኛውን አድርጉት» አሉ። መንዙማው ቀድሞ ገባ። ደጋው ላይ ጉም ነበር፤ የገብሱ ማሳ ጤዛ ይዞ ያብረቀርቃል፣ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ወደ ዳር ስበው ያሳልፉናል። ጅዳ እንደ ሰጋር ትሄድ ነበር። ይህን ራሴን ለማሞገስ አልጻፍኩትም፤ ከዘራው አንድ ጊዜም አልመታም ለማለት ነው። እኔ ግን የማየው የነዳጅ መለኪያውን ነበር። መርፌዋ ከግማሽ በታች ወርዳለች። ገደል አፋፍ ላይ ነዳጅ አልቆብን፣ ዓይነ ስውሩን ሰው በእግር ስንመራ፣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሲያስሩ ይታየኛል።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ጫፍ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። ደብተሬ ላይ ከድንጋዩ እስከ ድልድዩ አሥራ አንድ ኩርባ ብዬ ጽፌአለሁ። በግራ ተራራው፣ በቀኝ ገደሉ ነው። የአሮጊቷ ሹፌሮች ሁሉ ሞተር የሚያጠፉት እዚያ ድንጋይ ጋ ነበር። እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ሄደ። ማርሹን አወጣሁ፤ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን በግማሽ መለስኩት። ካሴቱም አብሮ ዝም አለ። ነፋሱና ጎማው ኮረኮንቹ ላይ የሚፈጥረው ድምፅ ብቻ ቀረ። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ የሚሆን ስለሆነ ከኋላ ያሉት ልብ አላሉትም።

«አበጀ» አሉ ጋሽ ይመር። «ምነው ጸጥ አለች?»

«ቁልቁለት ነው፣ ጋሽ ይመር። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።»

«ትረፍ?» አሉ።

ያኔ ያላወቅኩትን ዛሬ ማንም ሹፌር ያውቀዋል። የዚህች ዓይነት መኪና መሪና ፍሬን ለስላሳ የሚሆኑት ሞተሩ ስለሚያግዛቸው ነው። ሞተሩን ስታጠፋው ፍሬኑ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ የምትበቃ ጉልበት ትቀራለች፤ ከዚያ አለቀ። የመጀመሪያውን ኩርባ በደንብ ታጠፍኩ። መሪው ከበድ ሲል ኮረኮንቹ መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ፍሬኑን ነካሁት፣ ያዘ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ነካሁት። ሦስተኛው ኩርባ ከመድረሱ በፊት ስረግጠው እግሬ ሥር እንጨት ሆነ። ወደ ታች አልሄድ አለ። መሪውን ወደ ግራ ጎተትኩት፤ የትልቅ መኪናዋ ክብደት በሙሉ እጄ ላይ መጣ። ከአሮጊቷ እጅግ የባሰ ነበር፤ አሮጊቷ ቀላል ናት፤ ይህችኛዋ ክብደቷን ሞተሯ ሲደብቅላት የኖረች ናት። ሦስተኛውን በጎማዬ ጠጠር ወደ ገደሉ እያራገፍኩ አለፍኩት። ከመስኮቱ ባሻገር መሬት አልነበረም፤ ከሩቅ ታች ወንዙ እንደ ክር ይታያል።

ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ፣ «ልጄ፣ ፈጠነች» አሉ፤ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ሰው እንዳያስፈሩ ብለው። ዘሃራ ትከሻዬን ያዘች። መምህር አስፋው የሆነ ነገር ይቆጥሩ ነበር ወይም ይጸልዩ ነበር፤ አላወቅኩም። እኔ ሁለት እግሬን ፍሬኑ ላይ አቁሜ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ መሪውን በክርኔ ጭምር እጎትታለሁ። ያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። አራተኛው ኩርባ እየቀረበ ነው። በዚያ ቅጽበት የተሰማኝን በቃል ለመግለጽ ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ። ሞት አልነበረም የታየኝ። የታየኝ የዘሃራ ዘጠኝ ዓመት ነበር፤ የሰው ምንጣፍ ላይ ያጎነበሰችበት ወገብ፣ እኔ እጄ ላይ ወደ ገደል ሲሄድ።

«አትጎትታት» አሉ ጋሽ ይመር። አልጮሁም። «ቀስቅሳት።»

ሰማኋቸው። ቁልፉን መለስኩ፤ የዳሽቦርዱ መብራት በራ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ እንደ ሜዳው ቀስ ብዬ ለቀቅኩት፣ በአውራ ጣቴ፣ ሹክ ብዬ። መኪናዋ አንዴ ተናጠች። ሞተሩ ተነሳ። ያን ድምፅ ከየትኛውም መንዙማና ከየትኛውም ትዝታ አስበልጬ እወደዋለሁ። መሪው እጄ ላይ ለሰለሰ፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ያዛት፤ ፍሬኑን ስሞክረው እግሬ ወረደ። አራተኛውን ኩርባ ታጥፈን እንዳለፍን በግራ በኩል ተራራው ሥር ያለው ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን አስገብቼ አቆምኳት።

ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ከዚያ ከዘራው ወለሉን መታ። አንድ ጊዜ። ጠቅ። ሌሎቹ ልብ ያሉት አይመስለኝም።

ወረድን። እትዬ ጥሩነሽ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ፤ የማሩ ባልዲ ተገልብጦ ቀሚሳቸውን ከጉልበት በታች አልብሶታል። መምህር አስፋው ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀቱ ማር የነካው መሆኑን ሲያዩ፣ «እንግዲህ ዘንድሮ ሁሉም አለፈ» አሉ፤ ሊያስቁን ብለው ነበር፣ ድምፃቸው ግን ተሰነጠቀ። ዘሃራ ወደ እኔ መጣች።

«ፍሬኑ እንቢ አለህ?»

አባቷ መኪናዋን ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል።

«እንቢ አለኝ፣ እታለም» አልኩ።

«አላህ ይስጥህ» አለችና እጄን ያዘች። «ነፍሳችንን አተረፍክ።» አለቀሰች። ጋሽ ይመር ፊታቸውን ወደ ወንዙ ድምፅ መለሱ።

ጎማው እስኪበርድ ጠብቀን የቀሩትን ሰባት ኩርባዎች በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ሳልነካ ማለት ይቻላል ወረድናቸው። ደሴ ስንገባ መርፌዋ ሩብ ላይ ነበረች። ነዳጁ አላለቀም። ሞተር በማርሽ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ እግርህን ካነሳህ ነዳጅ እንደማይወስድ ከዓመታት በኋላ አንብቤ ተረዳሁ። ያጠፋሁት ለከንቱ ነበር።

ሐኪሞቹ የመጨረሻው ቀን ላይ ሞራውን ገፈፉላቸው። ፋሻው በተፈታ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። ዘሃራን አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ «ጎብጠሻል» ብቻ አሉ፣ እሷም ስቃ አለቀሰች። ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር ያዩት።

«ልጅ እግር ነህ ለካ» አሉኝ። «ድምፅህ ትልቅ ሰው አስመስሎህ ነበር።» ትንሽ ቆዩና፣ «አልነገርኳትም። አንተ ንገራት» አሉ።

«እሺ፣ ጋሽ ይመር።»

«ቶሎ ነው የሚቀለው» አሉ።

ስንመለስ ያ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ጠበቀን። ጋሽ ይመር በእኔ በኩል ባለው መስኮት አሻግረው ገደሉን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ አራተኛውን ኩርባ አዩ። ከዚያ አዲሶቹን ዓይኖቻቸውን ግጥም አድርገው ጨፈኑ። «ያ አላህ፣ ሳላይ ይሻለኝ ነበር» አሉ፤ እስከ ነጩ ድንጋይ አልገለጧቸውም።

እሺ ያልኩትን አልፈጸምኩም። መጀመሪያ ሥራዬን ፈራሁ፤ ቀጥሎ ዓይኗን ፈራሁ፤ በኋላ ደግሞ የቆየ ነገር ማንሳት ፈራሁ። ስድስት ዓመት ጅዳን ነዳኋት፤ አንድም ጊዜ ሞተሯን መንገድ ላይ አላጠፋሁም። ጋሽ ይመር በሰላም አረፉ፣ በቅሎዎቻቸውን እያዩ። ዘሃራ ዛሬም በየዒዱ ትደውልልኛለች፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያን ቀን ፍሬኑ እንቢ ሲል ያተረፈን አበጀ ነው» ትላለች፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ደብተሩ አሁን ፊቴ ነው። የዚያ ቀን ገጽ ላይ ቀኑ ብቻ ተጽፎ የቀረው ባዶ ነው። እዚያ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ፤ ይህን ካነበባችሁ የጎደለኝን ሙሉልኝ። መምህር አስፋው፣ ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ይቆጥሩ የነበሩት ምን ነበር? እትዬ ጥሩነሽ፣ በሕይወት ካሉ፣ «ፈጠነች» ያሉት ከድንጋዩ ስንተኛው ኩርባ ላይ ነው? ጋሽ ይመር «ቀስቅሳት» ካሉ በኋላ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነፋሱ ወሰደብኝ፤ ከኋላቸው የነበረ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ከዘራቸውስ ከአንድ ጊዜ በላይ መትቶ ነበር? አንቺ ግን፣ እታለም ዘሃራ፣ ሌላውን ሁሉ ከመጨመርሽ በፊት የእኔን አንብቢ። ዛሬ በገጹ አናት ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ። ፍሬኑ እንቢ አላለም። ነጩ ድንጋይ ጋ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።